የላይኛውን የደም ግፊት በማልቲፕል ሪግሬሽን መተንበይ፦ አር ስኩዌር 0.30 ብቻ፣ የክብደት ኮፊሸንት ደግሞ ኔጌቲቭ

ሀሌታ

ሰላም ለሁላችሁ። መለያ በሌለው የ420 ጎልማሶች የመለማመጃ ዳታ ላይ የላይኛውን የደም ግፊት፣ ማለትም ሲስቶሊኩን፣ ለመተንበይ ማልቲፕል ሪግሬሽን እየሠራሁ ነው። ያስገባኋቸው 8 ተለዋዋጮች ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደት በኪሎ፣ ቁመት በሜትር፣ ቢኤምአይ (ክብደት ለቁመት ስኩዌር ሲካፈል)፣ የወገብ ዙሪያ በሴንቲሜትር፣ ማጨስ (0 አጭሶ የማያውቅ፣ 1 ያቆመ፣ 2 የሚያጨስ) እና የግፊት መድኃኒት መውሰድ (0 ወይም 1) ናቸው።

የግፊቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 18 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ሞዴሉ ያወጣው አር ስኩዌር (ከግፊቱ ልዩነት ሞዴሉ የገለጸው ድርሻ) 0.30፣ የተስተካከለው 0.279፣ የቅሪቱ (ከተለካው ግፊት ትንበያው ተቀንሶ የሚቀረው) ስታንዳርድ ኤረር 15.3 በ270 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም።

ግራ የገባኝ፦ የክብደት ኮፊሸንት −0.9 መጣ። መድኃኒት የሚወስዱት ከማይወስዱት በ11 ከፍ ብለው ወጡ። የወገብ ዙሪያ 0.01 ነው፣ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። ሞዴሉ የሚተነብየው ከ105 እስከ 155 ባለው ክልል ብቻ ሲሆን የተለካው ግፊት ግን ከ88 እስከ 204 ይደርሳል። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

ቅሪት

ከክብደቱ ልጀምር። የክብደት ኮፊሸንት የሚመልሰው ጥያቄ «ሌሎቹ ተለዋዋጮች ባሉበት ረግተው ክብደት በ1 ኪሎ ቢጨምር ግፊቱ በስንት ይለወጣል?» የሚለውን ነው። ቁመታቸው 1.70 ሜትር፣ ቢኤምአያቸው 25 የሆኑ ሁለት ሰዎችን ውሰድ። 1.70 በራሱ ሲባዛ 2.89፣ ያ በ25 ሲባዛ 72.25። ሁለቱም 72.25 ኪሎ ናቸው፣ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም። ቁመትና ቢኤምአይ ከታሰሩ ክብደት መንቀሳቀሻ የለውም። ቢኤምአይ የቀጥታ መስመር ቀመር ስላልሆነ ግን ሶፍትዌሩ በሦስቱ መካከል የቀረችውን ቀጭን ልዩነት ይዞ ቁጥር ያወጣል። −0.9 የመጣው ከዚያች ልዩነት ነው፤ አምስት ሰዎች ከዳታው ቢወጡ ምልክቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ቪአይኤፍ አስላ፤ አንድ ተለዋዋጭ ከሌሎቹ ጋር ምን ያህል እንደሚደራረብ የሚለካ ቁጥር ነው። ቀመሩ 1 ሲካፈል ለ1 ሲቀነስ አር ስኩዌር ነው፤ እዚህ ላይ አር ስኩዌር የሚባለው ያ ተለዋዋጭ በሌሎቹ ተለዋዋጮች ሲተነበይ የሚገኘው ነው። ቪአይኤፍ 10 ማለት ሌሎቹ 90 ከመቶውን ይናገሩለታል፣ ስታንዳርድ ኤረሩም 3.2 ጊዜ ያህል ሰፍቷል ማለት ነው። ያንተ ክብደት ከ10 እጅግ በላይ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ከሦስቱ ቢኤምአይን ብቻ አስቀር። ለትንበያው ብቻ ከሆነ መደራረቡ በዚሁ ዳታ ላይ ብዙ አይጎዳህም፤ ኮፊሸንቱን ልታነብ ወይም ቀመሩን ወደ ሌላ ሕዝብ ልትወስድ ስትል ግን ይጥልሃል።

አሁን ሁላችንም ቀድመን ልናየው የሚገባንን ቁጥር እይ፦ 270። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ማለት የሰዎቹ ብዛት፣ ሲቀነስ ተለዋዋጮቹ፣ ሲቀነስ 1 ነው። 270 ሲደመር 8 ሲደመር 1፣ 279። 420 ሰዎች አሉኝ ብለሃል። 141 ሰዎች የት ሄዱ?

ሀሌታ

አላስተዋልኩትም። ከየተለዋዋጩ የጎደለው እኮ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ትንሽ መስሎኝ ነበር።

ድርብ_ቼክ

ትንሽ የሚመስለው ለየብቻ ስታየው ነው። ሶፍትዌሩ አንዲት ሕዋስ ባዶ ከሆነች ያንን ሰው ከነሙሉ መስመሩ ይጥለዋል። በቀጥታ የተሰበሰቡት ግፊቱን ጨምሮ 8 ዓምዶች ናቸው፤ ቢኤምአይ ከሁለቱ የሚሰላ ስለሆነ አይቆጠርም። የአንዱ ጉድለት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ 0.95 ስምንት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.66 ይሆናል። ከ420 ውስጥ 279 ይቀራል፤ ያንተው ቁጥር ልክ እሱ ነው።

የወደቁት ከቀሩት የሚለዩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በቁጥር ማነስ አያበቃም። ወገባቸውን ያላስለኩት ወፍራሞቹ ከሆኑ ቀመሩ የቀጫጮች ቀመር ሆኗል ማለት ነው። መፍትሔው ማልቲፕል ኢምፒውቴሽን ነው፣ ማለትም የጎደለውን በሌሎቹ ተለዋዋጮች እየተነበዩ በብዙ የዳታ ቅጂዎች መሙላት፤ በአር ማይስ የተባለው ፓኬጅ ይሠራዋል። የሚሞሉትን ቅጂዎች ብዛት ካልተሟሉት ሰዎች መቶኛ አታሳንስ። ያንተ 34 ከመቶ ስለሆነ 35 ቅጂ አድርግ። በመሙያው ሞዴል ውስጥ የደም ግፊቱንም አስገባው። ብዙዎች «የምተነብየውን እንዴት ለመሙያ እጠቀማለሁ» ብለው ይተዉታል፤ ሲተዉት ግን የተሞሉት እሴቶች ከግፊቱ ጋር ዝምድና የሌላቸው ሆነው ኮፊሸንቶቹን ወደ ዜሮ ይጎትቷቸዋል። ቢኤምአይን ለብቻው አትሙላ፤ ክብደትና ቁመትን ሞልተህ በየቅጂው እንደገና አስላው።

ከዚያ በፊት ግን የየዓምዱን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር አትምና አሳየን። ወገብ ላይ የመጣው 0.01 አላማረኝም።

መረብ12

የትንበያው ክልል መጥበብ ስሕተት አይደለም። የተተነበዩት ቁጥሮች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሁልጊዜ የአር ስኩዌር ስኩዌር ሩት በተለካው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ተባዝቶ ነው። 0.30 ስኩዌር ሩቱ 0.55 ያህል፣ በ18 ሲባዛ 10 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የተለካው በ18 ሲበተን ትንበያው በ10 ይበተናል። ጋልተን በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ያየው ወደ አማካይ መመለስ ይኸው ነው። 204 የተለካለት ሰው በዚያ ቅጽበት ከፍ ያደረጉት ነገሮች ዕድሜና ቢኤምአይ ብቻ አልነበሩም፤ ሞዴሉም ያላየውን አይጨምርም። ትንበያውን በግድ ለጥጦ ክልሉን ማስፋት ስሕተቱን ያበዛዋል እንጂ አያርመውም።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። ቅሪቱን በተለካው ግፊት አንጻር ከሣልከው ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ታያለህ፤ ያንተ ላይ ስሎፑ 0.70 ይሆናል፣ 1 ሲቀነስ አር ስኩዌር። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሞዴሉ አድሏዊ ነው ይላል። የሒሳቡ ጠባይ ነው። ቅሪት የሚሣለው በተተነበየው አንጻር ነው። እዚያ ላይ ጉብታ ካየህ መስመሩ ቀጥ አላለም፣ በአንድ ወገን ጠቦ በሌላው እየሰፋ የሚሄድ ካየህ ስርጭቱ እኩል አይደለም።

ግፊት_ለኪ

ስለ ስታቲስቲክሱ እነሱ ብለውታል፤ እኔ ስለ ቁጥሩ አመጣጥ ልናገር። የግፊቶቹን የመጨረሻ አኃዝ ቁጠር። በእጅ የሚነፋ መለኪያ በ2 በ2 ስለሚነበብ 0፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው 20 ከመቶ ሊደርሳቸው ይገባል፤ ከ420 ወደ 84 መሆናቸው ነው። በ0 የሚያልቁት ከዚህ በጣም ከበዙ ለኪው እያጠጋጋ ነበር። አር ስኩዌር ዝቅ ያለብህም ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ነው የተለካው? በዓለም ጤና ድርጅት የስቴፕስ አሠራር ሦስት ጊዜ ተለክቶ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ንባብ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ሰውየው 5 ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ጀርባው መደገፍ፣ እግሩ አለመጠላለፍ፣ ክንዱ በልብ ትክክል መደገፍ አለበት።

ሦስተኛውን ብዙ ተንታኝ አያውቀውም፦ የካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚታሰረው የሚነፋ ጨርቅ፣ መጠን። በካፉ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ ቢያንስ 80 ከመቶ መክበብ ይኖርበታል። ትንሽ ካፍ ትልቅ ክንድ ላይ ከታሰረ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ለሁሉም አንድ ካፍ ከተጠቀሙ የወፍራሞቹ ግፊት በመለኪያው ጥፋት ከፍ ይልና ሪግሬሽኑ ያንን ለቢኤምአይ ይሰጠዋል። ኮፊሸንቱ ያምርብሃል፣ ፒ ቫልዩውም ያንሳል፤ የለካኸው ግን ካፉን ነው። ይህን በምንም ዓይነት የቅሪት ሥዕል አታገኘውም። የአለካኩን መመሪያ ማየት ብቻ ነው መንገዱ።

ቅሪት

@ግፊት_ለኪ ስለ ካፉ ያልከው ወርቅ ነው። ማጠጋጋቱ አር ስኩዌርን ዝቅ አደረገ በሚለው ግን አልስማማም፤ እናስላው። ሁሉም ንባብ ወደ ቅርቡ 10 ቢጠጋጋ የሚጨምረው ስሕተት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 10 ለ12 ስኩዌር ሩት ሲካፈል፣ 2.9 ነው። ቫሪያንሱ 8.3። የግፊቱ ጠቅላላ ቫሪያንስ 18 በ18፣ 324። 8.3 የ324 ከ3 ከመቶ በታች ነው። አር ስኩዌሩ ያለ ማጠጋጋት 0.31 ሊሆን ይችል ነበር፣ ከዚያ አያልፍም። ማጠጋጋት የሚጎዳው መቁረጫ ነጥብ (ግፊቱ ከፍተኛ ነው የሚባልበት ወሰን) ላይ ነው፤ 138ም 142ም ሁለቱ 140 ተብለው ሲጻፉ ከ140 በላይና በታች የሚባለው ክፍፍል ይናጋል።

ትልቁ ብክነት የአንድ ሰው ግፊት ራሱ ከሰዓት ሰዓት፣ ከቀን ቀን መለዋወጡ ነው። እሱን የሚቀንሰው የንባቦች አማካይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ስሕተቱ ገላጩ ተለዋዋጭ ላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ወገብ በደንብ ሳይለካ ሲቀር፣ ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ኮፊሸንቱ ራሱ ወደ ዜሮ ይሳባል። ግፊቱ ላይ ያለ ተራ ስሕተት ግን ኮፊሸንቱን አያዛባም፣ ስታንዳርድ ኤረሩን ያሰፋል እንጂ።

ግፊት_ለኪ

ልክ ነህ፣ ስሌቱ አሳምኖኛል። ካፉና የንባቡ ብዛት ይበልጣሉ።

ሀሌታ

ቆጠርኩ። በ0 የሚያልቁት 197 ናቸው። ንባቡ ሁለት ጊዜ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ አማካዩ የለም፣ እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የወሰድኩት። አሁን የሁለቱን አማካይ አደረግሁ። መመሪያው ላይ ሁለት መጠን ያለው ካፍ ተጽፏል።

የወገብ ዙሪያ ትልቁ ቁጥር 999 ነው፤ ሁለት ሰዎች ላይ። ሌላው ሁሉ ከ58 እስከ 131።

ድርብ_ቼክ

ይኸውልህ። 999 «አልተለካም» የሚል ኮድ ነው፤ ሶፍትዌሩ 10 ሜትር ገደማ ወገብ አድርጎ አነበበው። ከብዙኃኑ እጅግ ርቀው የቆሙ ሁለት ነጥቦች መስመሩን ወደ ራሳቸው ጎትተው አጋደሙት። 0.01 የመጣው ለዚህ ነው። ባዶ አድርጋቸውና ከሌሎቹ ጉድለቶች ጋር ይሞሉ።

ወደፊት የኩክ ርቀትን አውጣ፤ አንድ ሰው ብቻውን ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጥ ያሳያል። 4 ለሰዎቹ ብዛት ተካፍሎ ከሚገኘው የሚበልጠውን እየለየህ መዝገቡን ተመልከት። መለኪያው ላይ ስሕተት ካላገኘህ ሰውየውን አታስወጣ፤ 204 የተለካለት በሽተኛ ነው እንጂ የጽሑፍ ስሕተት ላይሆን ይችላል።

ማጨስንም እይ። 0፣ 1፣ 2 ብለህ እንደ ቁጥር ካስገባኸው ያቆመው ሰው በማያጨሰውና በሚያጨሰው መካከል እኩል ቦታ ላይ ነው እያልክ ነው። ምድብ መሆኑን ንገረው፤ ሁለት ዳሚ (0 ወይም 1 የሚሆን ተለዋዋጭ) ይሆናል፣ «አጭሶ የማያውቅ» መነሻ።

ሀሌታ

መድኃኒቱስ? የግፊት መድኃኒት ግፊት ይጨምራል ሊባል አይችልም።

መረብ12

አይጨምርም። መድኃኒቱ የተሰጣቸው ቀድሞውኑ ግፊታቸው ከፍ ስላለ ነው፤ ከወሰዱም በኋላ ብዙዎቹ ከሌላው ሰው በላይ ናቸው። +11 የሚያሳየው ማን እንደታዘዘለት ነው፣ መድኃኒቱ ያደረገውን አይደለም።

ምን ልታደርግ እንደሚገባህ የሚወስነው የምትተነብየው ነገር ነው። «ዛሬ ካፍ ብናስር ስንት ይነበባል?» ከሆነ ጥያቄህ፣ መድኃኒቱን እንደ አንድ ተለዋዋጭ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፣ ኮፊሸንቱን ግን አትተርጉመው። «ያለ መድኃኒት ስንት ይሆን ነበር?» ከሆነ፣ እንደ ተራ ተለዋዋጭ ማስገባትም ሆነ የሚወስዱትን ማስወጣት ያዛባል፤ ከላይ ያሉትን ሰዎች ቆርጠህ ስለምትጥል የዕድሜና የቢኤምአይ ኮፊሸንት ያንሳል። ቶቢንና ባልደረቦቹ በ2005 ይህን ሲያወዳድሩ ለሚወስዱት ሰዎች ንባብ ላይ ቋሚ ቁጥር መደመር ቀላልና ከሁለቱ የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። ለላይኛው ግፊት 10 ወይም 15 መደመር የተለመደ ነው። በሁለቱም ሠርተህ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ አሳይ፤ ካልተለወጠ እፎይ ትላለህ፣ ከተለወጠ አንባቢህ ማወቅ አለበት።

ናሙና_ሰብሳቢ

ዕድሜ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል ብሎ መገመት ለላይኛው ግፊት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ለታችኛው ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ እስከ 50ዎቹ ወጥቶ ከዚያ ይወርዳልና። ሁለቱን አንድ ዓይነት ሞዴል የሚያለብሱ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ስፕላይን (በቋጠሮዎች የተያያዘ ለስላሳ ኩርባ) ባለ 4 ቋጠሮ ተጠቀም፣ ቋጠሮዎቹን በ5ኛው፣ 35ኛው፣ 65ኛውና 95ኛው ፐርሰንታይል ላይ አድርግ። ዕድሜን ከ20 እስከ 29፣ ከ30 እስከ 39 እያሉ በቅርጫት መክፈል የ39 እና የ40 ዓመት ሰውን በገደል ይለያያቸዋል።

ተለዋዋጮችን በስቴፕዋይዝ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ በፒ ቫልዩ እያየ አንድ በአንድ እንዲያስገባና እንዲያስወጣ፣ አታስመርጥ። ከግፊት ጋር ምንም የማይገናኙ 20 ተለዋዋጮች ብትፈትሽ ቢያንስ አንዱ በ0.05 «ጠቃሚ» ሆኖ የመውጣቱ ዕድል 64 ከመቶ ነው። ከሕክምናው እውቀት ተነሥተህ አስቀድመህ ምረጥና እዚያው ጽና።

ሀሌታ

ቅሪቴ ወደ ቀኝ ትንሽ ጅራት አለው። ግፊቱን ሎግ ላድርገው?

ቅሪት

ለግፊት እምብዛም አያስፈልግም። ኖርማል መሆን የሚጠበቅበትም ቅሪቱ ነው፤ ግፊቱ ራሱ ወይም ዕድሜው ኖርማል እንዲሆን ማንም አልጠየቀም። በ400 ሰው ትንሽ ጅራት ኮፊሸንቱን አይጎዳም፤ የሚነካው የትንበያውን ክልል ጫፍ ነው።

ሎግ የሚያስፈልገው ስሕተቱ በመጠኑ ልክ ሲያድግ ነው። ጥሩ ምሳሌ የኩላሊት ማጣሪያ ግምት ነው። በ1999 የወጣው ኤምዲአርዲ የሚባለው ቀመር ራሱ በሎግ ላይ የተሠራ ማልቲፕል ሪግሬሽን ነው። በኋላ በተስተካከለው ባለአጭር ቅርጹ 175 በክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ፓወር −1.154፣ በዕድሜ ፓወር −0.203፣ ለሴት ደግሞ በ0.742 ይባዛል። እነዚያ ፓወሮች የሎግ ሪግሬሽኑ ኮፊሸንቶች ናቸው። ሎግ ሲመለስ ማባዛት ይሆናል። የተሠራው ኩላሊታቸው በታመመ ሰዎች ላይ ስለነበር ጤነኞች ላይ ሲሞከር ማጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ይገምታል። ያንተም ዳታ ዕድሜው ከ25 እስከ 70 ከሆነ ለ80 ዓመት አዛውንት አትጠቀምበት።

ሎግ ካደረግህ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መልሰህ ስትፈታው የምታገኘው ሚዲያኑን እንጂ አማካዩን አይደለም።

ሀሌታ

ሁሉንም አስተካክዬ በ35 ቅጂ ሠራሁት። የስፕላይኑ ኩርባ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፣ ስለዚህ ዕድሜን በመስመር ተውኩት። ለሚወስዱት 10 ደመርኩ፤ በ15 ስሠራው የዕድሜ ኮፊሸንት ከ0.55 ወደ 0.58 ብቻ ሄደ። ማጨስና ወገብ ቢኤምአይ ካለ ብዙ አልጨመሩም፤ ላውጣቸው?

ናሙና_ሰብሳቢ

ወገብን ካስወጣህ «በዚህ ዳታ ከቢኤምአይ በላይ የጨመረው ትንሽ ነው» በል፤ «ወገብ አያስፈልግም» አትበል። ውሳኔውን ያደረግኸው ዳታውን ካየህ በኋላ ስለሆነ ማስወጣቱም በማረጋገጫው ውስጥ መግባት አለበት።

ማረጋገጫውን በቡትስትራፕ ሥራ። ዳታውን 70 ለ30 መክፈል 420 ሰው ላይ ብክነት ነው። ከ420 ሰዎች እየመለስክ 420 ምረጥ፣ ከመሙላት እስከ ማስወጣት ያደረግኸውን ሁሉ በዚያ ናሙና ድገም። የተገኘውን ቀመር በዚያው ናሙናና በዋናው ዳታ ላይ ፈትነህ ልዩነቱን መዝግብ። ይህን 200 ወይም 300 ጊዜ አድርግ። የልዩነቶቹ አማካይ ሞዴሉ ራሱን ያሞካሸበት መጠን ነው፤ ከአር ስኩዌሩ ላይ ቀንሰው። የካሊብሬሽን ስሎፑም (የተለካው ግፊት በትንበያው ላይ ሲሠራ የሚገኘው ስሎፕ) ከ1 በታች ከወረደ ኮፊሸንቶቹን በእሱ አባዛና ኢንተርሴፕቱን (የቀመሩን መነሻ ቁጥር) አስተካክል። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ከተለካ የምትመርጠው ቤቶቹን ነው፣ ሰዎቹን አይደለም፤ አለዚያ የአንዱ ወንድም ሌላውን እየተነበየ ውጤቱ ያማረ ይመስላል።

ሀሌታ

ቡትስትራፑ አልቋል። አር ስኩዌር ከ0.34 ወደ 0.32፣ ስሎፑ 0.97። በስሎፑ ካስተካከልኩ በኋላ የቀረው ቀመር፦

ግፊት = 124 + 0.55 × (ዕድሜ − 45) + 3.8 × (ወንድ ከሆነ 1) + 0.9 × (ቢኤምአይ − 24)

የቅሪቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 15። ለ55 ዓመት ወንድ፣ ቢኤምአይ 28፦ 124 + 5.5 + 3.8 + 3.6 = 136.9። የሚጠቀመው ሰው «ከ140 በላይ ነው ወይስ አይደለም» የሚል መልስ ይፈልጋል። ግፊቱን ከ140 በላይና በታች ብዬ ከፍዬ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ልሥራው?

ቅሪት

አትክፈለው። የተለካን ቁጥር መሐል ላይ መቁረጥ ከናሙናህ አንድ ሦስተኛ ያህሉን እንደመጣል ነው፤ አንተ ደግሞ ቁጥሮችህ 140 ላይ ተከምረዋል። የሚፈለገውን ዕድል ካለህ ሞዴል ማውጣት ትችላለህ። 140 ሲቀነስ 136.9፣ 3.1። ለ15 ሲካፈል 0.21። በኖርማል ሰንጠረዥ ከዚያ በላይ ያለው 42 ከመቶ ነው። ቀኝ ጅራት ስላለህ በኖርማሉ ፈንታ የራስህን ቅሪቶች ተጠቀም፦ ከ3.1 የሚበልጡት ቅሪቶች ስንት ከመቶ እንደሆኑ ቁጠር።

ከትንበያው ጎን ክልሉን ጻፍ። 136.9 ሲደመርና ሲቀነስ 1.96 በ15፣ ከ107 እስከ 166። ሶፍትዌርህ ሁለት ዓይነት ክልል ይሰጥሃል፤ ጠባቡ የ55 ዓመት፣ ቢኤምአይ 28 የሆኑ ወንዶች አማካይ ያለበት ነው። አንድ ሰው ላይ የሚሠራው ሰፊው ነው። በዚህ ስፋት ቀመሩ ካፍን አይተካም። ማንን ቀድመን እንለካ ብሎ ተራ ለማስያዝ ወይም የቡድን አማካይ ለመገመት ግን ያገለግላል።

ግፊት_ለኪ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የሚወስዱት ላይ 10 ስለደመርክ 42 ከመቶው «ያለ መድኃኒት ቢሆን» የሚል ነው። ቅጹ ላይ ይህ ካልተጻፈ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው 128 ሲለካ መለኪያው ተሳስቷል ብለው እንደገና ያስለኩታል።

ሀሌታ

ከቀመሩ በላይ በደማቁ ጻፍኩት፤ የዕድሜውን ገደብም፣ ከ25 እስከ 70፣ እዚያው አስገባሁት። አሁን ቤቶቹን የሚለየው ዓምድ ስለተገኘ ቡትስትራፑን በቤት እየመረጥኩ እንደገና አስነሥቼዋለሁ።